ሥራውን ከሠሪው መለየት ይቻላልን?

በዛሬው ጊዜ ነፃ ሶፍትዌር ሳይነካ የሚውል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንዱ ዴቢያንን ወይም ኡቡንቱን በኮምፒዩተሩ ላይ ጭኖአል፤ ሌላው ለመመረቂያ ጽሑፉ የሰበሰበውን ቍጥር አር በሚባለው ፕሮግራም ያሰላል፤ አንድሮይድ ስልክ የያዘ ሁሉ ደግሞ፣ ዐወቀውም አላወቀው፣ የሊኑክስ ተጠቃሚ ነው። እነዚህን ፕሮግራሞች የጻፉት በየአገሩ የሚኖሩ ቍጥራቸው እጅግ የበዛ ሰዎች ናቸው። እኛም የእጃቸውን ሥራ እንቀበላለን እንጂ ጠባያቸውን ወይም እምነታቸውን መርምረን አናውቅም።

ይሁን እንጂ ከነዚህ ጸሐፊዎች አንዱ በአደባባይ አንድን ዘር የሚንቅ፣ አንድን ሕዝብ ከሰው ተራ የሚያወጣ ሆኖ ቢገኝስ? የጻፈው ፕሮግራም መልካም ነው፤ የሚናገረው ቃል ግን መርዝ ነው። ፕሮግራሙን ከሌሎች ጋር ሰብስቦ ለሕዝብ የሚያከፋፍለው ድርጅት ማከፋፈሉን ይቀጥል ወይስ ያቁም? ይህ ጥያቄ በነፃ ሶፍትዌር ሠራተኞች መካከል ብዙ ክርክር ያስነሣ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሁለቱን ወገን አሳብ በየተራ መርምረን፣ እኛ ትክክል ነው የምንለውን ለአንባቢያን ፍርድ እናቀርባለን። «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሩቅ አገር ሰዎች ጭቅጭቅ ብቻ መስሎ እንዳይታየን። ኢንተርኔት ሲቈራረጥ ወይም ዋጋው ሲከብድ ፕሮግራም በፍላሽ ቀድቶ ለመኝታ ክፍል ጓደኛው የሚሰጥ ተማሪ እርሱም በዐቅሙ አከፋፋይ ነው። «ደኅና ነው፣ ጫነው» ብሎ ሲሰጥም ስሙን ዋስ አድርጎ ነው።

ነፃ ሶፍትዌርና አከፋፋዩ

በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን የተባለው አሜሪካዊ ግኑ የተሰኘውን ሥራ መጀመሩን ሲያስታውቅ፣ ዓላማው ማንም ሰው እንደ ልቡ የሚጠቀምበት ሶፍትዌር እንዲኖር ነበር። ከዚህ የተነሣው እንቅስቃሴ ለተጠቃሚ አራት ነፃነቶችን ይሰጣል፤ እነርሱም ፕሮግራሙን ለማናቸውም ዓላማ ማሠራት፣ ምንጭ ኮዱን አንብቦ እንደ ፍላጎት መለወጥ፣ ቅጂውን ለሌላ ሰው መስጠት፣ የለወጡትንም ለሌላው ማካፈል ናቸው። በ1993 የተመሠረተው ዴቢያን በ1997 ባወጣው መመሪያ፣ አንድ ፕሮግራም ነፃ ነው የሚባለው ፈቃዱ በማንኛውም ሰው ወይም ማኅበር ላይ አድልዎ ያላደረገ፣ በማንኛውም የሥራ መስክም ላይ ክልከላ ያልጣለ እንደ ሆነ ነው ሲል ደነገገ። በ1998 ኦፕን ሶርስ የሚለው ስም ሲወጣም ትርጓሜው ከዚሁ መመሪያ ተወሰደ።

አከፋፋይ ማለት እንግዲህ ከየጸሐፊው የተገኘውን ፕሮግራም ሰብስቦ፣ መርምሮ፣ አንዱ ከሌላው ጋር እንዲስማማ አድርጎ ለተጠቃሚ የሚያደርስ ነው። ዴቢያን በ2023 ያወጣው 12ኛ እትም ከ60,000 የሚበልጡ ጥቅሎች አሉበት። ተጠቃሚው ይህን ሁሉ አንብቦ ሊጨርስ አይችልም፤ ስለዚህ አከፋፋዩን ያምናል። ጉድለት ሲገኝ ማሻሻያው የሚመጣለትም በዚሁ በአከፋፋዩ በኩል ነው። ይህን የእምነት ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

«ኮድ ዘር የለውም» የሚሉት

የመጀመሪያው ወገን አነጋገር ይህ ነው። ስም በፊደል ተራ የሚደረድር ፕሮግራም የጸሐፊው ልብ ቢጠቍርም ቢነጣም ያው ይደረድራል። ሁለትና ሁለት በደግ ሰው እጅም በክፉ ሰው እጅም አራት ነው። ፕሮግራሙን ብናስወግድ የሚጐዳው ጸሐፊው ሳይሆን ምንም የማያውቀው ተጠቃሚ ነው፤ ይህም አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንዳሉት ይሆናል።

ደግሞም አንድ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። መቶ ሰዎች ከጻፉት ውስጥ አንዱ በዘረኛነቱ ቢታወቅ፣ ሥራው በሙሉ ሲጣል ዘጠና ዘጠኙ ያለ ጥፋታቸው ይቀጣሉ። ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ዳኛው ማን ነው የሚለው ነው። የብዙ ሺህ ጸሐፊዎችን ልብ የሚመረምር ሸንጎ ከተቋቋመ፣ ዛሬ በዘር ጥላቻ የጀመረው ምርመራ ነገ በፖለቲካ አስተያየት፣ ከነገ ወዲያም በሃይማኖት መቀጠሉ አይቀርም። ሰውን በአስተያየቱ የሚመዘግብ መዝገብ አንዴ ከተከፈተ መዝጋቱ ቀላል አይደለም።

ይህ ክርክር ጠንካራ ነው። በችኰላ የሚናቅ አይደለም።

«የወጋ ቢረሳ» የሚሉት

ሁለተኛው ወገን ደግሞ ከተሰደበው ሰው አንጻር ይናገራል። ነፃ ሶፍትዌር የሚሠራው በሰዎች ኅብረት ነው። በፕሮግራሙ ላይ ጉድለት ያገኘ ሰው ለጸሐፊው መጻፍ አለበት፤ ማሻሻያ የሠራም ሰው ሥራው እንዲገባለት የኃላፊውን ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ታዲያ ኃላፊው «የአንተ ዘር የማሰብ ችሎታ የለውም» ብሎ በአደባባይ የጻፈ ሰው ከሆነ፣ ያ ተሰዳቢ በምን ልቡ ደጅ ይጠናል? አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይናገር ትቶ ይሄዳል። የሄደውንም ማንም አይቈጥረው። የጠላው ሰው የጻፈው ኮድ በመስመር ይቈጠራል፤ በርሱ ምክንያት ሳይጻፍ የቀረው ኮድ ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ አይገኝም።

ከዚህም ጋር ማከፋፈል ክብር ይሰጣል። ፕሮግራሙ በታላላቅ አከፋፋዮች ዘንድ የገባለት ሰው ስሙ ይታወቃል፤ በስብሰባ ላይ እንዲናገር ይጋበዛል፤ ሥራም እርዳታም ያገኝበታል። ክብሩን ያገኘው በኮዱ ነው፤ በክብሩ ግን ጥላቻውን ሊያሰማበት ይችላል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ከሁለቱ ወገን አንዱን ብቻ ይዘን ብንሄድ እውነቱን እናጐድላለን። ስለዚህ ከኮምፒዩተር ታሪክና ከሳይንስ ታሪክ ሁለት ምሳሌዎችን እንመልከት።

ከታሪክ የሚገኝ ትምህርት

በዲሴምበር 1947 በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ ውስጥ ጆን ባርዲንና ዋልተር ብራተይን የመጀመሪያውን ትራንዚስተር ሠሩ። አለቃቸው የነበረው ዊልያም ሾክሊም ብዙ ሳይቈይ ከዚያ የተሻለ ዐይነት ፈለሰፈ። ሦስቱም በ1956 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። ይኸው ሾክሊ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ጥቍር ሕዝቦች በተፈጥሮአቸው በአእምሮ ያነሱ ናቸው ብሎ በየአደባባዩ መስበክ ያዘ። የአእምሮ መለኪያ ውጤታቸው ዝቅ ያለ ሰዎች ገንዘብ እየተከፈላቸው እንዳይወልዱ እንዲመክኑ እስከ ማሳሰብ ደረሰ። በ1989 እስኪሞት ድረስም ከዚህ አልተመለሰም።

ዛሬ በዓለም ላይ ያለ ኮምፒዩተር ሁሉ የሚሠራው በትራንዚስተር ነው። አንድ አፍሪካዊ ተማሪ ሾክሊ ስለ ናቀው ብሎ ኮምፒዩተሩን ይጣል የሚል ሰው አላየንም። ቢጥለው የሚጐዳው ራሱ ተማሪው ነው፤ ሾክሊም በሕይወት ኖሮ ቢያየው ደስ በተሰኘ ነበር።

ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም። ሾክሊ በ1956 በካሊፎርኒያ የራሱን ኩባንያ ከፍቶ የተማሩ ወጣቶችን ሰብስቦ ነበር። በ1957 ከነዚህ ስምንቱ አስተዳደሩን መታገሥ አቅቷቸው ለቀው ወጡና ፌርቻይልድ ሴሚኮንዳክተር የተባለውን መሥሪያ ቤት መሠረቱ። ከስምንቱም ሮበርት ኖይስና ጎርደን ሙር በ1968 ኢንቴልን አቋቋሙ። በርግጥ የወጡት ስለ ዘር አስተያየቱ አይደለም፤ ያ ገና በአደባባይ አልታወቀም ነበር። ነገር ግን አንድ ትልቅ ነገር አሳይተውናል። ዕውቀቱ ከሰውዬው ጋር ታስሮ አልቀረም። ሰውዬውን ትተው ዕውቀቱን ይዘው ሄዱ፤ ዕውቀቱም በነርሱ እጅ ከቀድሞው ይልቅ ለመለመ።

ሁለተኛው ምሳሌ ለኛ ለተማሪዎች ይበልጥ የቀረበ ነው። በመመረቂያ ጽሑፋችን ላይ ዘወትር የምንጠቀምበትን ካይ ስኩዌር የተባለውን የስታቲስቲክስ መፈተኛ በ1900 ያወጣው እንግሊዛዊው ካርል ፒርሰን ነው። አር በተባለው ነፃ ፕሮግራም ውስጥም በአንድ መስመር ትእዛዝ ይገኛል። ይኸው ፒርሰን የሰውን ዘር እንደ ከብት በመምረጥ እናሻሽላለን የሚለው ትምህርት መሪ ነበር፤ በ1925ም ከአንዲት የሥራ ባልደረባው ጋር ሆኖ ባሳተመው ጥናት ወደ ብሪታንያ የሚገቡ ይሁዲዎች በአካልም በአእምሮም ያነሱ ናቸው ሲል ጽፎአል። በጁን 2020 የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የፒርሰንንና የመምህሩን የፍራንሲስ ጋልተንን ስም ከሕንፃዎቹና ከአዳራሹ ላይ አነሣ። መፈተኛውን ግን ከማስተማር አልቈመም።

ይህ ፍርድ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ኮሌጁ ሥራውን አልጣለም፤ ሠሪውንም አላከበረም። መፈተኛው የሰው ልጅ ሁሉ ሀብት ነው። በሕንፃ ላይ የሚጻፍ ስም ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይህን ሰው አርኣያ አድርጋችሁ ተመልከቱት ብሎ በየቀኑ የሚናገር ምልክት ነው።

ፈቃድ ሌላ፣ ግዴታ ሌላ

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ እንመለስ። በዚህ ክርክር ውስጥ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያደባልቋቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ የነፃ ሶፍትዌር ፈቃድ ነው፤ ሁለተኛው የአከፋፋዩ ምርጫ ነው።

ፈቃዱ ማንንም አይለይም። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን ለመለወጥ ሞክረዋል። ዳግላስ ክሮክፎርድ የተባለው የታወቀ ፕሮግራም ጸሐፊ ሶፍትዌሩ ለበጎ እንጂ ለክፉ እንዳይውል የሚል ቃል በፈቃዱ ላይ ጨመረበት። ቃሉ ሲሰሙት ደስ ያሰኛል፤ ዴቢያን ግን ይህ ፈቃድ ነፃ አይደለም ብሎ ነው የሚቈጥረው። ምክንያቱም በጎና ክፉን የሚተረጕመው ማን እንደ ሆነ አልተገለጸም። በኦገስት 2018 ደግሞ ሌርና በተባለው ፕሮግራም ላይ፣ ከአሜሪካ የኢሚግሬሽን ፖሊስ ጋር የሚሠሩ ኩባንያዎች እንዳይጠቀሙበት የሚከለክል ቃል ተጨምሮ ነበር፤ ነገር ግን ብዙም ሳይቈይ ተሻረ። እኛም በዚህ ረገድ የመጀመሪያውን ወገን እንደግፋለን። በፈቃድ ላይ አጥር መሥራት ከተለመደ፣ ነገ ሌላው እኛን በውጭ የሚያስቀር አጥር ይሠራል።

ሆኖም ፈቃድ የሚሰጠው መብት ነው እንጂ ግዴታ አይደለም። ማንም ይህን ፕሮግራም ማከፋፈል ይችላል ማለት ሁሉም ሊያከፋፍለው ይገባዋል ማለት አይደለም። ይህን በግልጽ ያሳየው የጋብ ጉዳይ ነው። ጋብ በ2016 የተከፈተ የአሜሪካ ማኅበራዊ መገናኛ ነው፤ ከሌሎች መገናኛዎች የተባረሩ ዘረኞች የሚሰበሰቡበት በመሆኑ ታወቀ። በኦክቶበር 27 ቀን 2018 በፒትስበርግ ከተማ በአንድ ምኵራብ ውስጥ 11 ሰዎችን የገደለው ሰው የጥላቻ ቃሉን ይጽፍ የነበረው በዚሁ በጋብ ላይ ነበር።

በጁላይ 2019 ጋብ ማስቶዶን የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር ቀድቶ አገልግሎቱን በርሱ ላይ መሠረተ። የማስቶዶን ሠሪዎች የጋብን ዓላማ እንደሚቃወሙ በግልጽ አስታወቁ፤ ነገር ግን ፈቃዱ ለሁሉም የተሰጠ ስለ ሆነ ቅጂውን ሊከለክሉት አልቻሉም። በዚያው ወር ለአንድሮይድ ስልክ ነፃ ፕሮግራሞችን የሚያከፋፍለው ኤፍ ድሮይድ የጋብን ፕሮግራም በማከማቻው ውስጥ እንደማያስገባ አስታወቀ። እንዲህ በማድረጉ የማንንም ነፃነት አልነጠቀም፤ ጋብ ፕሮግራሙን በራሱ መንገድ ማደል ይችል ነበርና። ኤፍ ድሮይድ ያለው ነገር ቢኖር «በእኔ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም» ነው። ማተሚያ ቤት ለሁሉም ክፍት ይሁን ብሎ የሚከራከር መጽሐፍ ሻጭ፣ ከታተመው ሁሉ የትኛውን በሱቁ እንደሚያስቀምጥ የመምረጥ መብቱን አላጣም።

ምንጩን የሚጠብቀው ማን ነው?

የጋብ ነገር ቀላል የሆነው የመገናኛው አገልግሎት ራሱ ለጥላቻ መሰብሰቢያ የዋለ ስለ ነበር ነው። አስቸጋሪው ፕሮግራሙ ንጹሕ፣ ጸሐፊው ግን ጠይ ሲሆን ነው ቢባል ትክክል ነው፤ ጠይ ስንል በልቡ የከፋ ማለታችን ነው። እዚህ ላይ የሾክሊ ምሳሌ ሙሉ በሙሉ አይበቃንም። ትራንዚስተር አንዴ ከተሠራ ሾክሊ ከመቃብር ተነሥቶ ሊለውጠው አይችልም። ፕሮግራም ግን ታትሞ እንደ ተጠረዘ መጽሐፍ አይደለም፤ እንደ ቧንቧ ውሃ ነው። ዛሬ የቀዳነው ብርጭቆ ንጹሕ ቢሆንም፣ የነገው የሚወሰነው ምንጩን በሚጠብቀው ሰው ነው።

ይህ ፍርሃት ከንቱ እንዳልሆነ ሁለት ነገሮች መስክረዋል። በማርች 2022 ኖድ አይ ፒ ሲ የተባለውን፣ በብዙ ሌሎች ፕሮግራሞች ውስጥ የገባ ኮድ የሚጠብቀው ሰው የዩክሬንን ጦርነት በመቃወም፣ በሩስያና በቤላሩስ የሚገኙ ኮምፒዩተሮችን ፋይል የሚደመስስ ትእዛዝ በማሻሻያው ውስጥ ጨመረበት። ሰውዬው የተነሣው በጦርነቱ ተቈጥቶ ነበር፤ ኮዱ ግን ጥፋተኛውን ከንጹሑ አልለየም፤ የለየው በአገሩ ብቻ ነው። በማርች 2024 መጨረሻ ደግሞ ኤክስ ዜድ በተባለው የፋይል ማመቂያ ውስጥ የተደበቀ የሌባ በር ተገኘ። ጂያ ታን በሚል ስም የሚጠራ አንድ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በትጋት እየረዳ አመኔታ ካተረፈ በኋላ ያስገባው ነበር። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ወደ ኮምፒዩተር መግቢያው በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን አስተውሎ ባይመረምር ኖሮ በዓለም ሁሉ በተሰራጨ ነበር።

ከሁለቱ አንዱም የዘር ጥላቻ ጉዳይ አይደለም። ነገር ግን አንድ ነገር ያስተምሩናል፤ ማሻሻያ የመላክ ሥልጣን የያዘ ሰው በተጠቃሚው ቤት ቍልፍ ይዞአል። አንድን ሕዝብ ከሰው አልቈጥርም ብሎ በአደባባይ የተናገረ ሰው የዚያን ሕዝብ ቤት ቍልፍ ሲይዝ፣ «አስተያየቱ የግሉ ነው» የሚለው መልስ አይበቃም። የተሰደበው ሰው ሥጋት ምክንያት አለው።

ምንጩ ወደ ሌላ እጅ ሲተላለፍ ደግሞ ነገሩ እንዴት እንደሚለወጥ እንይ። ሐንስ ራይዘር ያዘጋጀው ራይዘር ኤፍ ኤስ የተባለው የፋይል ማደራጃ በ2001 ወደ ሊኑክስ ገብቶ ነበር። ራይዘር በ2008 ሚስቱን በመግደል ተፈርዶበት ታሰረ። ይህ ከጥላቻ ቃል የባሰ ወንጀል ነው። ሆኖም የሊኑክስ ሠራተኞች ኮዱን በዚያው ቀን አልጣሉትም፤ ብዙ ሰዎች ፋይላቸውን በርሱ አስቀምጠው ስለ ነበር ሌሎች ባለሙያዎች ያዙት። የተወገደው በጃንዋሪ 2025 በወጣው ሊኑክስ 6.13 ላይ ነው፤ ምክንያቱም ተጠቃሚውና ጠባቂው ስላነሰ እንጂ ስለ ወንጀሉ አልነበረም። በ2022ም አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ ነበር። ሰውዬው ወኅኒ ነበር፤ ቍልፉ በሌሎች እጅ ነበር፤ ተጠቃሚው ግን አልተበደለም።

ጥላቻ የምንለው ምንድን ነው?

ከመፍረዳችን በፊት ቃሉን መወሰን ይገባናል። በእኛ አገር ይህ ነገር የመጽሐፍ ክርክር አይደለም። በ2021 የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ከውንጀላ ጋር በፌስቡክ ከተሰራጨ በኋላ፣ በኖቬምበር 3 ቀን በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸውም በ2022 በኬንያ ፍርድ ቤት በኩባንያው ላይ ክስ አቀረበ። ቃል ሰውን አይገድልም የሚል ተማሪ ይህን ያስብ።

በሌላ በኩል ደግሞ ጥላቻ የሚለው ስም በተቃዋሚ ሁሉ ላይ የሚለጠፍ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በ2012 ዓ.ም. በአገራችን የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል አዋጅ ቍጥር 1185/2012 ሲወጣ፣ ትርጓሜው በጣም ሰፊ ነው ብለው የተቹት ነበሩ። ስለዚህ እኛ በዚህ ጽሑፍ ጥላቻ የምንለው አንድን ሰው በተወለደበት ሕዝብ፣ በዘሩ፣ በሃይማኖቱ ወይም በመሰለው ምክንያት ሰውነቱን የሚክድ ወይም እንዲጐዳ የሚቀሰቅስ ቃል ነው። መንግሥትን መንቀፍ ጥላቻ አይደለም። ስለ ታሪክ መከራከርም ጥላቻ አይደለም። ማስረጃውም ሰውዬው ራሱ በአደባባይ የጻፈው ወይም የተናገረው እንጂ ከሰው የተሰማ ወሬ ሊሆን አይገባውም።

እንዴት እንፍረድ?

እንግዲህ ከላይ ካየነው ሁሉ አንድ ሚዛን ማውጣት ይቻላል። አከፋፋይ የሆነ ሁሉ ሦስት ጥያቄዎችን ቢጠይቅ መልካም ነው እንላለን።

1ኛ/ ፕሮግራሙ ራሱ ለምን ተሠራ? የጥላቻ መሰብሰቢያ ለመሆን፣ ሰውን በዘሩ ለመለየትና ለማሳደድ የተዘጋጀ ከሆነ ነገሩ አለቀ፤ አይከፋፈልም።

2ኛ/ ቍልፉ በማን እጅ ነው? ፕሮግራሙ ንጹሕ ሆኖ ጠባቂው በጥላቻ የታወቀ ሰው ከሆነ፣ አከፋፋዩ ኮዱን ቀድቶ በሌሎች ታማኝ ሰዎች እጅ ማስጠበቅ ይችላልን? ከቻለ ሥራውን ይያዝ፤ ጸሐፊው የሚልከው አዲስ ነገር ሁሉ ግን ሳይመረመር አይግባ። ጉድለት ያገኘ ተጠቃሚም ደጅ የሚጠናው ከተሳደበው ሰው ዘንድ ሳይሆን ከአከፋፋዩ ዘንድ ይሁን።

3ኛ/ በማከፋፈላችን የምንሰጠው ክብር አለን? የመናገሪያ መድረክ፣ ሽልማት፣ በሰዎች ላይ የሚያዝ ሹመት የኮድ ዋጋ ብቻ አይደሉም፤ ሰውዬውን አርኣያ ያደርጋሉ። እነዚህን መንፈግ የአከፋፋዩ መብት ነው፤ እንደ ፒርሰን ባለ ጊዜም ግዴታው ነው።

አንድ ነገር ግን መደረግ የለበትም፤ ይኸውም ሥራውን ይዞ የሠሪውን ስም ከኮዱ ውስጥ መፋቅ ነው። ፈቃዶቹ የጸሐፊው ስም እንዲጠበቅ ያዝዛሉ፤ ባያዝዙም እንኳ ማን ምን እንደ ሠራ መደበቅ ሐሰት ነው። መጻፉን መመስከር ሌላ፣ ማመስገን ሌላ ነው።

ሚዛኑን በእኛው ቤት ምሳሌ እንፈትነው። አንድ ተማሪ የአማርኛ ፊደል ግድፈት የሚያርም ጥሩ ፕሮግራም ጽፎ በነፃ ለቀቀ እንበል። መምህራኑም ተማሪውም ተጠቀሙበት። በኋላ ይኸው ተማሪ ከጓደኞቹ የአንዱን ሕዝብ በስሙ ጠርቶ ከአገር መጥፋት አለበት ብሎ በአደባባይ ጻፈ። ምን እናድርግ? ፕሮግራሙን ከየኮምፒዩተሩ እንደምስስ ብንል፣ ከተሰደበው ሕዝብ የተወለደው ተማሪ ጭምር ጽሑፉን የሚያርምበትን ያጣል፤ ስድብ ተቀብሎ መሣሪያም ተቀማ ማለት ነው። ምንም አናድርግ ብንል ደግሞ፣ ያ የተሰደበ ተማሪ አንድ ቃል እንዲታረምለት ለሰዳቢው ደብዳቤ እንዲጽፍ አስገደድነው። ትክክለኛው መንገድ ኮዱን ቀድቶ ሌሎች እንዲጠብቁት ማድረግ፣ ጸሐፊውን ከኃላፊነቱ ማንሣት፣ ምክንያቱንም ጽፎ በግልጽ መለጠፍ ነው። ተማሪውም መልስ የመስጠት ዕድል ይኑረው። ቃሉን በእውነት ቢመልስና ጊዜ ቢመሰክርለት፣ በር ለዘላለም ይዘጋበት አንልም።

ይህ መንገድ ዋጋ እንደሚያስከፍል አንደብቅም። ኮዱን አንብቦ የሚጠብቅ ሁለተኛ ሰው ከሌለስ? ያን ጊዜ አከፋፋዩ ወይ ለተሳዳቢው ይሰግዳል፣ ወይ ተጠቃሚዎቹን አስጠንቅቆ፣ ጊዜ ሰጥቶ ፕሮግራሙን ይተዋል። ሁለቱም መራራ ናቸው፤ ግን ከመጀመሪያው ሁለተኛው ይሻላል። እንዲያውም ጠባቂው አንድ ሰው ብቻ የሆነ ፕሮግራም፣ ያ ሰው ቅዱስ ቢሆንም እንኳ፣ በቀጭን ገመድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ኤክስ ዜድም የተጠቃው ይጠብቀው የነበረው አንድ የደከመ ሰው ብቻውን ስለ ነበር ነው።

ስለዚህ ለዚህ ችግር ዋነኛው መድኃኒት የሚገኘው በእኛው በተማሪዎች እጅ ነው። የነፃ ሶፍትዌር ነፃነት ኮዱን ማንበብ ለሚችል ሰው ነው እንጂ በፍላሽ ቀድቶ ለሚጭን ብቻ አይደለም። ሌላው በጻፈው ላይ ተደግፈን ብቻ የምንኖር ከሆነ፣ ጸሐፊው ሲሰድበን ስድቡን ውጠን ከመጠቀም ወይም ተቀይመን ባዶ እጃችንን ከመቅረት በቀር ሌላ ምርጫ አይኖረንም። ማንበብ፣ መጠገንና መጠበቅ የቻልን እንደ ሆነ ግን ስምንቱ ወጣቶች እንዳደረጉት ዕውቀቱን ይዘን ሰውዬውን ልንተወው እንችላለን። በየዲፓርትመንቱ ያላችሁ ጓደኞቻችን፣ ከምትጠቀሙባቸው ፕሮግራሞች አንዱን መርጣችሁ ምንጭ ኮዱን ማንበብ በዚህ ሴሚስተር ጀምሩ። ብቻችሁንም አትጀምሩ፤ ከሌላ ሕዝብ ከተወለደ ጓደኛ ጋር ሆናችሁ ጀምሩ። ያን ጊዜ ቍልፉ በአንድ እጅ ብቻ አይቀርም።